ዜሮ ነው ወይስ ዝም ብሏል?



ዛሬ የማወራው ስለ ስክሪን ነው። የቴሌቪዥኑን ወይም የስልኩን ማለቴ አይደለም። ርቆ ያለን ፓምፕ፣ ማቀዝቀዣ፣ ጄኔሬተር ወይም ታወር እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን እንድንከታተል ተብሎ ስለሚሠራው ስክሪን ነው። ሥርዓቱን በጠቅላላው ባለሙያው "ስካዳ" ይለዋል። ከጀርባው ያሉት ሴንሰሩ፣ ሽቦው፣ ሲም ካርዱና ሰርቨሩ ሁሉ የየራሳቸው ባለቤት አላቸው፣ የየራሳቸው በጀትም ይያዝላቸዋል። ስክሪኑ ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ገንዘቡም ጊዜውም ሲያልቅ፣ ሻጩ ይዞት የመጣው ሥዕል ተለጥፎበት ይቀራል። የእኔ ክርክር ይህ የተገላቢጦሽ ነው የሚል ነው። ስክሪኑን እኛው፣ ለራሳችን ቦታና ለራሳችን ሰው፣ ከመጀመሪያው ልንሠራው ይገባል።

ነገሩ ለቡሬ የቅንጦት ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ2013 ዓ.ም የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብቻውን የታጠረ ግቢ ሆኖ እንዲቀር አልታሰበም። በ100 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉ የገጠር ሽግግር ማዕከላት ከገበሬው ምርት እየሰበሰቡ እንዲመግቡት ነው ንድፉ፦ አማኑኤል፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ፣ ቻግኒ፣ ዳንግላ፣ መራዊ፣ ሞጣ። በቆሎ ያለ መጋዘን፣ ወተት ያለ ማቀዝቀዣ፣ ማቀዝቀዣ ያለ መብራት አይሆንም። ሁሉንም በአንድ ግድግዳ ላይ ማየት የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ቡሬ ነው የሚቀመጠው። ያ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከስክሪኑ የሚፈልገው አንድ መልስ ብቻ ነው፦ ልነሳ ወይስ ልተኛ?

ሻጮች የሚያሳዩንን ስክሪን አይታችሁት ይሆናል። ጋኑ በሦስት አቅጣጫ ተሥሎ ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ሰማያዊ ውሃ ይወዛወዛል፣ ፓምፑ ይሽከረከራል፣ ከኋላው አረንጓዴ ተራራ አለ። ለምረቃ ቀን፣ ለካሜራና ለክቡር እንግዳ ያምራል። ለሥራ ግን አልወደውም። ሁሉም ነገር በቀለም ሲጮህ፣ የተበላሸው ነገር የሚጮህበት ቀለም ይጠፋል። በሙያው ዛሬ የሚመከረው ደብዛዛ ግራጫ መደብ ነው፤ ጤነኛው ሁሉ ግራጫ ሆኖ ይቀመጥና ቀለም ለችግር ብቻ ይቀመጣል። ለጎብኚ ደስ አይልም፣ ኦፕሬተሩን ግን አያታልለውም።

ቀለሙ የሚስተካከል ነገር ነው። ከዚያ የሚከፋው ሌላ ነው፤ ርዕሴም እሱ ነው።

ኮረብታ ላይ ያለን የውሃ ጋን አስቡ። ጥልቀቱ 3 ሜትር ነው እንበል። የውሃውን ከፍታ የሚለካው ሴንሰር በሽቦ የሚልከው የኤሌክትሪክ ጅረት ነው፤ የተለመደው ደንብ ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ነው። ጋኑ ሲሞላ 20፣ ግማሽ ሲሆን 12፣ ባዶ ሲሆን 4። ለምን 4? ከዜሮ ቢጀመር ሒሳቡ አይቀልም ነበር? ይቀል ነበር። ግን ይህን ደንብ ያወጡት ሰዎች ብልሆች ነበሩ፦ ባዶ ጋን 4 ይልካል፣ የተቆረጠ ሽቦ ዜሮ ይልካል። ስለዚህ "ውሃ የለም" እና "ወሬ የለም" አይምታቱም። ዛሬ ብዙ መሣሪያዎች ከ3.6 ሚሊአምፔር በታች የወረደውን ሁሉ እንደ ብልሽት ይቆጥሩታል።

እንግዲህ አይጥ ሽቦውን ቆረጠችው። ዜሮ ሚሊአምፔር መጣ። ኮምፒውተሩ ቀመሩን ሠርቶ ጋኑ ውስጥ ያለው ውሃ "ከዜሮ በታች 0.75 ሜትር" ነው ይላል። ሶፍትዌሩን የሠራው ልጅ ይህን ሲያይ ይስቃል፤ ከዜሮ በታች ውሃ የት አለ? እናም አንዲት መስመር ይጨምራል፦ ቁጥሩ ከዜሮ ካነሰ ዜሮ አድርገህ አሳይ። ስክሪኑ ንጹሕ ሆነ። በዚያች መስመር ግን ሽቦው ራሱ ይናገረው የነበረው እውነት ተደፈነ። ኦፕሬተሩ የሚያየው ባዶ ጋን ነው፤ ፓምፕ ያስነሳል፣ ጋኑ ሞልቶ ይፈስሳል፣ ናፍጣው ይነድዳል። እዚህ ውስጥ ሰነፍ ሠራተኛ የለም። የጠፋችው ስክሪኑ ላይ "አላውቅም" የምትል ቃል ናት።

"አላውቅም" ማለት ለማሽን ከባድ ነው። በዓለም ላይ ከታወቁት ትልልቅ አደጋዎች አንዳንዶቹ ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979፣ በእኛ መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም፣ አሜሪካ ውስጥ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው የኑክሌር ማመንጫ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ቀረ። በመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ላይ የነበረችው መብራት ግን ጠፍታለች፤ ሠራተኞቹም "ተዘግቷል" ብለው አነበቧት። መብራቷ የምታሳየው የቫልቩን ሁኔታ አልነበረም፤ "ዝጋ" የሚለው ትእዛዝ መተላለፉን ብቻ ነበር። ትእዛዝ መላክና መፈጸም የተለያዩ መሆናቸውን ቢሮ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፣ የሰሌዳው ነዳፊዎች ግን አንድ አድርገው ሣሉት። ቫልቩ ከሁለት ሰዓት በላይ ተከፍቶ ሲቆይ ማመንጫውን የሚያቀዘቅዘው ውሃ እየወጣ ጎደለ።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም ስክሪኑ ምንም አላለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2003፣ ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም መሆኑ ነው፣ ኦሃዮ ውስጥ የአንድ ኤሌክትሪክ ኩባንያ የአላርም ፕሮግራም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ገደማ ላይ ሞተ። ስክሪኑ ግን አልጠፋም፤ አላርሙ መሞቱን ሳይናገር ቀጠለ። ኦፕሬተሮቹ አላርም ስላልመጣ ሰላም ነው ብለው ተቀመጡ። ውጭ ግን መስመሮቹ ዛፍ እየነኩ አንድ በአንድ ይቋረጡ ነበር። ችግር መኖሩን የነገሯቸው በስልክ የደወሉ ጎረቤት ኩባንያዎች ናቸው። አሥር ሰዓት እንዳለፈ በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት አጣ። በጣም የሚገርመኝ የኮምፒውተር ክፍሉ ሰዎች ሰርቨሩ መውደቁን ያውቁ እንደነበር ነው፤ ለኦፕሬተሮቹ ግን አልነገሯቸውም።

እነዚህን የሩቅ አገር ታሪኮች ያመጣሁት የእኛ ችግር ከነሱ ያነሰ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ዝምታ የእኛ ዕለታዊ ኑሮ ነው። በ2015 ዓ.ም ነሐሴ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በዳታ ብቻ የሚሠራ መከታተያ ሁሉ ዓይኑ ተሸፈነ። ከዚያ በመለስ ያሉት ትንንሾቹ ዝምታዎች ደግሞ በየሳምንቱ አሉ፦ መብራት ይጠፋል፣ የታወሩ ባትሪ ያልቃል፣ ክረምት ላይ መብረቅ ሞደሙን ይመታዋል። በጣም ተራውን ልንገራችሁ? የሲም ካርዱ ሒሳብ ያልቃል። መሣሪያው ጤነኛ፣ ሴንሰሩ ጤነኛ፣ ጋኑ ሙሉ ነው፤ ካርድ የሚሞላው ሰው ግን ሥራ ቀይሯል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ዕድሜው መጻፍ አለበት። "2.1 ሜትር" አይበቃም፤ "2.1 ሜትር፣ ከ5 ደቂቃ በፊት" ይባል። ግማሽ ሰዓት ሲያልፈው ቁጥሩ ይደብዝዝ። ሁለት ሰዓት ሲያልፈው ቁጥሩ ይሰረዝበትና "ወሬ የለም" ይጻፍ። ሩቅ ያለው መሣሪያም የሚነግረን ባይኖረው እንኳ በየጊዜው "አለሁ" ማለት አለበት። የበቆሎ ማማ ላይ ያደረ ሁሉ ይህን ያውቃል፦ ጠባቂው ሌሊት የሚጮኸው ከርከሮ ሲመጣ ብቻ አይደለም፤ ከጎረቤት ማማ ድምፅ ሲቀር የዚያኛው ጠባቂ ይሰጋል።

ዝምታ ሁሉ ብልሽት አይደለም፣ ይህን ልጨምር። በአፋር ክልል በጥልቅ ጉድጓድ ፓምፖች ላይ ሴንሰር እየተገጠመ፣ ፓምፑ በቀን ስንት ሰዓት እንደሠራ በሞባይል ኔትወርክና በሳተላይት ይላክ ነበር። አንድ ፓምፕ ለቀናት ሲቆም በሩቅ ላለው ሰው የመጀመሪያው ግምት ተበላሸ ነው። ግን ዝናብ ከጣለ አርብቶ አደሩ ከብቱን ይዞ ወደ ኩሬው ይሄዳል፤ ጉድጓዱን የሚፈልገው የለም። የፓምፕ ሥራ ሲደርቅ ይጨምራል፣ ሲዘንብ ይቀንሳል። ስለዚህ የፓምፕ ስክሪን ላይ የዝናብ መጠን አብሮ ካልተቀመጠ መካኒኩን በከንቱ ቀን ሙሉ በረሃ ያስነዳል። የእኛው አገር ክረምት እንዲሁ ነው፤ ሐምሌ ላይ ጓሮው ሁሉ ምንጭ ሆኖ ሳለ የቦኖው ቆጣሪ ቢቀንስ ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ካርታው ልምጣ። ሁሉም ሰው "ዋናው ገጽ ላይ ካርታ ይሁን" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ለምን እንደሆነ ሞጣ ታስረዳላችኋለች። ከቡሬ ሞጣ በአሞራ በረራ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በካርታው ላይ ጎረቤት ናት። መካከላችን ግን ተራራ ተጋድሟል፤ የእኛ መኪና ደግሞ አይበርም፤ ወይ በባሕር ዳር ወይ በደብረ ማርቆስ በኩል መዞር ነው። ካርታው የሚነግረን ርቀት ኦፕሬተሩን ያሳስተዋል፤ ሞጣን "ቅርብ ናት" ያሰኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1933 የለንደን የምድር ባቡር ያሳተመው የሃሪ ቤክ ካርታ ይህን ችግር ፈትቶታል። ቤክ የኤሌክትሪክ ንድፍ ሠራተኛ ነበር፤ የከተማውን ትክክለኛ መልክዓ ምድር ትቶ መስመሮቹን እንደ ኤሌክትሪክ ንድፍ ቀጥ አድርጎ ሣላቸው። መንገደኛው የሚፈልገው የጣቢያዎቹን ቅደም ተከተልና መቀየሪያውን ነው፣ ርቀቱ በትክክል ባይሣል ግድ የለውም። እኛም እንዲሁ ብናደርግ ዋናው ገጽ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፦ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ ጥሊሊ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ አንድ ቅርንጫፍ ይወጣል። ሞጣ ለብቻዋ፣ ራቅ ብላ ትቀመጥ። በየቦታው ሥር በመኪና የሚፈጀው ሰዓት ይጻፍ፤ ክረምት ላይ ሰዓቱ ይለወጥ። የአካባቢው ሹፌር አንዴ ሲያየው ይገባዋል፤ ስክሪን የሠመረ ወይም ያልሠመረ መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

አላርምን በተመለከተ ብዙ ሰው "ሁሉም ነገር ይንገረኝ" ይላል። ይንገራችሁ፤ ግን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 1994 በዌልስ፣ ሚልፎርድ ሄቨን፣ የነዳጅ ማጣሪያ ከመፈንዳቱ በፊት ባሉት የመጨረሻዎቹ 11 ደቂቃዎች ሁለቱ ኦፕሬተሮች 275 አላርም እንደወረደባቸው እወቁ። ማን ያነብበዋል?

የተሻለውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወደ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ የክትባት ማቀዝቀዣውን አስከፍቱ፤ ውስጡ የእጅ መዳፍ የማይሞላ፣ ትንሽ ስክሪን ያላት መሣሪያ ልታገኙ ትችላላችሁ። ባለሙያዎቹ ፍሪጅ ታግ ይሏታል። የ30 ቀን ሙቀት ትይዛለች፤ ፊቷ ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን ደህና ነው ወይስ አይደለም የሚል ምልክት ነው። ደንቧን ተመልከቱ። ክትባት በ2 እና በ8 ዲግሪ መካከል መቀመጥ አለበት። ሙቀቱ ከ8 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ወዲያው አትጮህም፤ ያለማቋረጥ 10 ሰዓት ከቆየ ነው የምትናገረው። ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ከወረደ ግን በ60 ደቂቃ ትጮኻለች። ለምን ይህ አድልዎ? በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚወጣ ሙቀት ክትባቱን ወዲያው አይገድለውም፤ አንዳንዱን ክትባት ግን ብርድ ካገኘው አይመለስም። ደንቡን ያወጣው ሰው የክትባቱን ጠባይ ከማሽኑ ጠባይ አስቀድሟል። የእኛም አላርም እንዲሁ ከዕቃው ይነሳ። በቆሎ እርጥበቱ 13 በመቶ ገደማ ሆኖ ከገባ ለአንድ ቀን ሙቀት አይደነግጥም፤ ሙቀቱ ለሳምንት ቀስ እያለ ሲወጣ ነው የሚያሰጋው፣ ስለዚህ ለእሱ ከቁጥሩ ይልቅ መስመሩ ይታይ። ወተት ግን ሳምንት አይጠብቅም።

ቀለም ላይ አንዲት ማስጠንቀቂያ አለችኝ። በብዙ የኤሌክትሪክ ሥርዓቶች ቀይ ማለት "መስመሩ ኃይል ተሸክሟል" ነው፤ ለውሃ ሰው ቀይ ማለት "ቆሟል" ነው። ሁለቱን ባለሙያዎች አንድ ክፍል ስታስቀምጡ በቀለም ብቻ አትነጋገሩ፤ ቃሉም ይጻፍ። ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ዓይን ያለው ሰውም በመካከላችን ይኖራል፣ እሱም ብዙ ጊዜ ለአለቃው አይናገርም።

ሰዓት ደግሞ ለእኛ የተተወ ፈተና ነው። የተገዛው ሶፍትዌር "01:20" ብሎ ይጽፋል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሃያ ማለቱ ነው። የማታ ተረኛው ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ብሎ ያነበዋል፤ በመካከሉ ስድስት ሰዓት አለ። ለወተት ስድስት ሰዓት ዕድሜ ነው። ኮምፒውተሩ በውስጡ በፈለገው አቆጣጠር ያስቀምጥ፤ ፊቱ ላይ ግን ሰዓቱ በእኛ፣ ከፊቱም "ሌሊት" ወይም "ጠዋት" የሚል ቃል ይኑረው። ቀኑም በእኛ። ጳጉሜን የማያውቅ ስክሪን የዓመቱን ሪፖርት ያዛባል፤ የሒሳብ ሹማችሁን ጠይቁ።

አላርሙ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ወደ ስልክ ሲላክ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በእኛ ፊደል ሲሆን 70 ብቻ ነው፣ ከዚያ ካለፈ በሁለት ተከፍሎ ይሄዳል። በዚህ ሰበብ ብዙዎች አላርሙን በእንግሊዝኛ ይተዉታል። ሰበቡ ግን ባዶ ነው፤ ፊደላችን ቆጣቢ ነው። ለምሳሌ፦ "ፍኖተ ሰላም ወተት ማቀዝቀዣ፦ 9 ዲግሪ፣ ከሌሊቱ 7፡20 ጀምሮ። መብራት የለም።" ክፍት ቦታውንና ነጥቡን ጨምሮ 50 ነው። ቦታው አለ፣ ምን እንደሆነ አለ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አለ፣ ምክንያቱም አለ። በቀረው 20 ላይ የስልክ ቁጥር ይገባል። የማን ስልክ ነው? ቁልፉን የያዘው ሰው ስልክ ነዋ።

ቁልፉን እንዲያው በዋዛ አላነሳሁትም። ስክሪን ከመንደፋችሁ በፊት ፓምፕ ከሚያስነሳው ሰው፣ ከታወሩ ዘበኛ፣ ከመጋዘኑ ሠራተኛ ጋር ተቀመጡ። "ስክሪኑ ላይ ምን ይታይ?" ብላችሁ አትጠይቋቸው፤ ሁሉንም ነው የሚሏችሁ። "ሌሊት ስልክ ሲደወልላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው?" በሉ። መብራት አለ? ናፍጣው ስንት ቀርቷል? ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው? ቁልፉ ማን ጋ ነው? የገጹ ቅደም ተከተል ይኸው ተገኘ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ደግሞ የትኛውም ሻጭ በሥዕሉ አያመጣላችሁም፤ ሴንሰር የላትምና። ከዚያ በወረቀትና በእርሳስ ሣሉት፣ ለሠራተኛው አሳዩት፣ "ሞጣ ላይ ምን ሆኗል?" ብላችሁ ጠይቁት፤ ለመመለስ ከተንተፋተፈ ወረቀቱን ቀይሩት። ወረቀት ርካሽ ነው።

በመጨረሻ ስለ ውል። ሥራ ተቋራጩ ሥርዓቱን ተክሎ፣ አስመርቆ፣ ይሄዳል። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ጋን ይጨመራል ወይም የአንድ ቦታ ስም በስህተት ተጽፎ ይገኛል። ገጹን ለማስተካከል የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ የይለፍ ቃሉ ተቋራጩ ጋ ነው። የተሣለበት ዋናው ፋይልም አልተተወም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ማሳያው ብቻ ነው። ያኔ ሠራተኛው ሞኒተሩ ላይ ወረቀት ይለጥፋል፦ "ጋን 3 የሚለው ጋን 4 ነው።" እንዲህ ያለ ወረቀት የተለጠፈበት ሞኒተር ያላየ ባለሙያ ካለ እጁን ያውጣ። ስለዚህ ውሉ ላይ፣ ክፍያው ሳያልቅ፣ እነዚህ በጽሑፍ ይግቡ፦ ዋናው ፋይል ከነሙሉ የይለፍ ቃሉ ርክክብ ይደረግ፤ ገጽ መጨመርና ማስተካከል የሚችሉ ሁለት የእኛ ሠራተኞች ይሠልጥኑ፣ አንዱ ቢለቅ አንዱ እንዲቀር፤ በርክክቡም ቀን የአንዱ ሴንሰር ሽቦ ሆን ተብሎ ይነቀልና ስክሪኑ ምን እንደሚል ኮሚቴው ፊት ይታይ። "0.00" ካለ አትፈርሙ።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ። የሰርቨሩን ዋጋ የሚጠይቀኝ ሰው ግን ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ አስቀድሞ ይንገረኝ።